የእማማ ደብሪቱ ታፔላ

ከአስፋልቱ ዳር «የእማማ ደብሪቱ የባህል አረቄ፣ 300 ሜትር» የሚል ታፔላ ከተተከለ ወዲህ፣ እማማ ደብሪቱ ገበያ የሚወርዱት በወንዙ በኩል ዞረው ነው። ቱሪስት መኪናውን አቁሞ ከስማቸው ሥር ፎቶ ሲነሳ ማየት አልቻሉም። አረቄ ማውጣት ያስተማሯቸው እኮ ጎረቤታቸው እማማ አስካለ ናቸው! የቱሪዝም ሰዎች መጥተው «በሰፈሩ የጀመረው ማነው?» ሲሉ ግን አፋቸው ቀደማቸውና «እኔ ነኝ» አሉ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እህል አልዋጥ አላቸው። በመጨረሻ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመው አስካለ ደጅ ቆሙ።

«አስካለዬ፣ ይቅር በይኝ። ክብርሽን ቀምቼሻለሁ። ዛሬውኑ ሄጄ ታፔላውን በስምሽ አስለውጠዋለሁ።»

እማማ አስካለ ጌሾ ከሚያሰጡበት ብድግ አሉ።

«በስመ አብ! እንዳታደርጊው! ጣይው ድንጋዩን። የቱሪዝም ሰዎቹ ታፔላ እንተክላለን ብለው መጀመሪያ የመጡት እኔ ዘንድ ነበር። ‹ጀማሪዋስ ደብሪቱ ናት› ብዬ ወዳንቺ የላክኋቸው እኔ ነኝ።»

«ምነው? ስም ጠልተሽ?»

«የምን ስም! ለልጅ ልጄ ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲባል ሰምቼ ነበራ። በዚያ መንገድ ሲመጡ የአያቷን ስም ከአረቄ ጋር ተጽፎ ቢያዩት ከመንገድ አይመለሱም? ይኸው በሰላም መጡልኝ፤ ሰርጉም ለጥር ተቆረጠ።» ወደ ጌሾአቸው ጎንበስ አሉ። «ያንቺዋስ ልጅ? በዚህ ወር ይመጣሉ ያልሽኝ ሽማግሌዎች ምነው ቀሩ?»

እማማ ደብሪቱ ድንጋዩን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«አስካለዬ፣ ዶማ አለሽ?»