የአደራው ደብዳቤ

ነገር ሁሉ የተበላሸው ሜይ 20 ቀን 1986፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። ክላይቭ ዋድሎው ያን ቀን ረፋዱ ላይ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሳንድዊች እየበላ ሳለ፣ ዳገቱ ላይ ባለው ኮሌጅ አምስት መምህራን ጠረጴዛ ከበው ይጠብቁት ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን ከሌላ ሰው ገልብጧል ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። የማስታወሻ ደብተሮቹን ይዞ ቢቀርብ ጉዳዩ በአምስት ደቂቃ ባለቀ። አልቀረበም። መጠራቱንም አላወቀም። መቅረቱ ጥፋቱን እንደ ማመን ተቆጠረበት።

ካናዳ ሄዶ ሦስት ዓመት ሊማርበት የነበረው ዕድል ከእሱ ቀጥሎ ለወጣው ተማሪ ተሰጠ። ያ ተማሪ የቅርብ ጓደኛው ሃዋርድ ስኬልተን ነበር።

«ጠርተንሃል እኮ» አሉት በኋላ። «በአደራ ደብዳቤ። ከቤታችሁ ሰው ፈርሞ ተቀብሏል።»

ማን እንደፈረመ ግን ሊነግሩት አልፈለጉም።

ቤቱን የተከራዩት ሦስት ነበሩ፤ ክላይቭና ሃዋርድ ፎቅ ላይ፣ ሎሬይን ምድር ቤት፣ በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል። በማለዳ ተነስቶ ከበሩ ሥር የወደቀውን ፖስታ የሚለቅመው፣ በየስሙ ለይቶ ደረጃው ሥር የሚደረድረው ሃዋርድ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ሎሬይንም ያኔውኑ ነግራዋለች። «ከሱ በቀር በዚያ ሰዓት የሚነሳ ማን አለ?» ዕድሉ ማምለጡ በተሰማ ቀን ከክላይቭ ይልቅ ያለቀሰችው እሷ ነበረች። በዚያው ዓመት ተጋቡ።

ሠላሳ ሦስት ዓመት አለፈ። ክላይቭ በአንዲት ትንሽ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ሆነ፤ ሄዶ ያላያትን ካናዳን በካርታ እያሳየ ሸበተ። ሃዋርድ ከካናዳ ፕሮፌሰር ሆኖ ተመለሰ። በየገናው ካርድ ይላላካሉ፤ በልደት ቀን ይደዋወላሉ። ስለ ደብዳቤው ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። እንዲህ ያለ ነገር በጨዋ ሰዎች መካከል አይነሳም። የሚወራው ስለ ዝናቡ ነው።

በማርች ወር ኮሌጁ ተዘጋና መዝገቦቹ ወደ ቤተ መዛግብት ተዛወሩ። የቀድሞ ተማሪ ሁሉ የራሱን ፋይል ማየት ይችላል ተባለ። ክላይቭ ይህን ጋዜጣ ላይ አንብቦ ለሃዋርድ ደወለ።

«ቅዳሜና እሁድን በተማርንበት ከተማ፣ ሊንከን እናሳልፍ እንጂ፤ እንደ ድሮው» አለው።

ስለ ፋይሉ አልነገረውም። ፋይሉ ሲከፈት ሃዋርድ አጠገቡ ቆሞ እንዲያይ ይፈልጋል።

ሎሬይን ሻንጣውን እያስተካከለችለት ተነጫነጨች።

«የምታውቀውን ነገር ለማወቅ ይህን ሁሉ መንገድ?»

«በዓይኔ ላየው ነዋ።»

«ጉልበትህ ያንን ዳገት አይችለውም። ይቅርብህ፣ ክላይቭ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ጓደኛሞች ዳገቱን ተያያዙት። ሃዋርድ በየሃያ እርምጃው እየቆመ የሱቅ መስኮት የሚያይ ያስመስል ነበር።

«ድሮ እየሮጥን ነበር የምንወጣው» አለ እያለከለከ።

«አንተ ትሮጥ ነበር። እኔ ከኋላህ እየተራገምኩ ነበር።»

ሳቁ። ከዚያ ክላይቭ ወደ ግራ ታጠፈና ቤተ መዛግብቱ በር ላይ ቆመ። ሃዋርድ ምልክቱን አነበበው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«መጀመሪያ ምሳ እንብላ» አለ።

«ገና ቁርስህ መች ተፈጨ?»

«እንግዲያው ካቴድራሉን እንይ።»

«ካቴድራሉ ዘጠኝ መቶ ዓመት ቆሟል፤ የትም አይሄድም። ግባ።»

ሠራተኛዋ በጥብጣብ የታሰረ ግራጫ ፋይል አመጣችላቸው። እዚህ ክፍል ውስጥ ብዕርም ስልክም ክልክል መሆኑን በትሕትና ነግራቸው ሄደች። ክላይቭ ጥብጣቡን ሲነካ ሃዋርድ እጁን ፋይሉ ላይ ጫነ።

«አትክፈተው።»

«ለምን?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አልክ?»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ። ተቀብዬ ደበቅኩት። ካናዳን ፈልጌ ነበር። ይኸው፣ ይህን ለመስማት አይደል ያመጣኸኝ? አሁን እንውጣ። ውጭ ስደበኝ፤ ከፈለግህም ምታኝ። ብቻ አትክፈተው።»

ክላይቭ ይህን ቃል ሠላሳ ሦስት ዓመት ጠብቆታል። ሲሰማው ደስ የሚለው ይመስለው ነበር።

«በየገናው ‹ወንድምህ› ብለህ ትጽፍልኛለህ!»

«አዎ።»

«ልጄን ክርስትና አንስተሃል፣ አንተ ዓይን አውጣ!»

«አዎ። እንውጣ፣ ክላይቭ። እባክህ።»

«መጀመሪያ ፊርማህን አየዋለሁ።»

የጓደኛውን እጅ ገፍቶ ጥብጣቡን ፈታ። ሃዋርድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ከአንድ የጥሪ ደብዳቤ ቅጂ ጋር ተያይዟል። መዳፍ የምታህል፣ ዳርና ዳሯ የወየበ ካርድ ናት። «ተቀባይ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ፊርማ አለ። ክላይቭ አየው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና እንደገና አየው። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ጌታዬ፣ ስልክ ክልክል ነው» አለች ሠራተኛዋ ከሩቅ።

አልሰማትም። ሎሬይን ወዲያው አነሳች፤ ስልኩን ይዛ የተቀመጠች ትመስል ነበር።

«አየኸው?» አለች።

«ያንቺ ፊርማ ነው፣ ሎሬይን። ለምን? ካናዳ እንዳልሄድብሽ? ሃዋርድም አውቆ ሊሸፍንሽ ሞከረ።»