የብረቷ ብስክሌት አዲስ ሹካ

«ቆይ፣ እንዳትቆርጪው!» ይላል የሚስቴ ወንድም፣ መጋዙ ቱቦውን ሊነካ ሲል። «ገና አልፈረድንም።»

መካኒኳ መጋዟን አየር ላይ እንደያዘች ወደ እኔ ትዞራለች። «ጋሼ፣ እኚህ ሰውዬ ዳኛ ናቸው እንዴ?»

«ጡረተኛ ነው» እላታለሁ። «ሥራ ፈትቶ ነው።»

ሞርሳው፣ የብረት መቆንጠጫው፣ ላይ የታሰረው የብስክሌቴ አዲሱ ሹካ ነው፤ የፊቱን ጎማ ግራና ቀኝ አቅፎ የሚይዘው። አብሯት የተወለደው አሮጌው፣ ከአንድ የግቢ በር ጋር ተላትሜ ስለተጣመመ ጥግ ላይ ተጥሏል። ምትክ ፍለጋ ያልረገጥኩት ሱቅ የለም። የዛሬ ሹካ ሁሉ ላይኛው ቱቦው፣ አንገቱ፣ እንደ ኮርማ ወፍሯል፤ በእኔ የብረት ብስክሌት ቀጭን ጉሮሮ አያልፍም። አንዱ ሻጭማ አፉን ሞልቶ «ይጣሏትና አዲስ ይግዙ» አለኝ። ደሜ ፈላ። «አያትህ ሲያነክሱ አውጥተህ ትጥላቸዋለህ?» ብዬው ወጣሁ። መጠገን ያቃተው ሁሉ «ጊዜው አልፎበታል» ይላል! የማን ጊዜ ነው ያለፈው?

«ይፈለጋል» ያለችኝ ይህቺ መካኒክ ብቻ ናት፤ ፈልጋም አገኘችው። ጥቁር፣ ቀላል፣ የዘመኑ ሥራ፣ አንገቱ ግን ቀጭን። የቀረው አንገቱን በልኩ መቁረጥ ነው። ከተቆረጠ ደግሞ ሻጩ መልሶ አይቀበለንም።

ጣጣው የማኅበራችን ሕግ ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ጉልበታችን የሚንቋቋ ሰዎች ተሰብስበን ሁለት ሁለት ሆነን እንነዳለን። ብስክሌቱን የቀየረ አባል ከሰልፉ ጭራ ይገባል፤ ዓመቱን ሙሉ የሁላችንንም የጎማ መንፊያ ፖምፓ ተሸክሞ ብቻውን ይነዳል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከአባላቱ አንዱ፣ ኢንጂነሩ፣ እንደ ላባ የምትቀል ብስክሌት ገዝቶ የመጣ ቀን፣ በንዴት። ከፊት የምንነዳው እኔና የሚስቴ ወንድም ነን፤ እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ መንገዱን ሙሉ እየተከራከርን። ቤት ይዤው የምገባው ቁጣ ስለሚቀንስ ሚስቴ እሑድን ትወዳለች።

«ጎማዋን ቀየርክ፣ ዝም አልን» ይላል አሁን። «ኮርቻዋን ቀየርክ፣ ዝም አልን። ሰንሰለቷንም እንደዚያው። አሁን ግን አንገት ነው! አንገቱ የተቀየረ ፍጡር ያው ነው ትለኛለህ?»

«አንተስ? ጥርስህ ተተካ፣ ጉልበትህ ብረት ገባበት። እህትህ ግን አሁንም ወንድሜ ብላ ምሳ ታበላሃለች። አንተስ ከየትኛው ጭራ ልትገባ ነው?»

መካኒኳ ሳቋን ለመደበቅ የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ታጎነብሳለች።

«ለጥርስ ሕግ አልወጣም። የብስክሌቱ ሕግ ያንተ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።»

ሰው ሲሳሳት እናደዳለሁ፤ ልክ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል።

«እኔ ጭራ ስገባ ካጠገብህ ማን ሊነዳ ነው?»

«ኢንጂነሩ።»

«ኢንጂነሩ እኮ ያልከውን ሁሉ ‹ልክ ነህ› ነው የሚልህ!»

 መንገዱን ሙሉ ልክ መሆን ምን እንደሚመስል ሲያስበው ፊቱ ይጨማደዳል። ቢሆንም አይበገርም። «ሕግ ሕግ ነው።»

«እናንተ ሰዎች» ትላለች መካኒኳ ሹካውን ከሞርሳው እየፈታች፣ «ሳልቆርጠው ልግጠመውና ንዱት። አንገቱ እንደ ሰጎን ይረዝማል እንጂ ይነዳል። ከዚያ ተፋረዱ። እኔ ሥራ አለብኝ።»

በተረፈው አንገት ላይ ቀለበት ደራርባ ትገጥመዋለች። ለሚስቴ ወንድም የራሷን ብስክሌት ታውሰዋለች። ወደ መንገዱ ወጥተን ጎን ለጎን እንነሣለን፤ እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ።

ፔዳሉን ገና አንዴ ስረግጥ ብስክሌቷ ትፈተለካለች። አስፋልቱ ክንዴን መደብደብ ትቷል። ጉድጓድ እናልፋለን፤ ጥርሴ አይጋጭም። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ስፈጥን ግን እጠራጠራለሁ፦ እውነትም ሌላ ብስክሌት ብትሆንስ?

«እንዴት ናት?» ይላል።

«ያው ናት» እዋሻለሁ።

«ፊትህ ይስቃል። አንተ በዚያችኛዋ ላይ ስቀህ አታውቅም።»

«እኔ? እኔ ነኝ የማልስቅ?» ነደደኝ። ጣቴን ልቀስርበት ቀኝ እጄን ከመሪው አነሣለሁ። በዚያች ቅጽበት ብስክሌቷ ወደ ግራ ትዞራለች፤ ክርኔ ጎድኑ ላይ ጓ ይላል። ሁለታችንም ግድግዳ ልንስም ጥቂት ሲቀረን እንቆማለን።

የሚስቴ ወንድም ጎኑን ይዟል። የታመመ መስሎኝ ስደነግጥ፣ ለካ እየሳቀ ነው።

«ይህቺን ክርን አውቃታለሁ! ስንት እሑድ ነው እዚሁ ላይ የደቃችኝ? ክርክር ጦፎ እጅህን ባነሣህ ቁጥር ወደ እኔ! ያው ናት! ራሷ ናት!»

እኛማ ወደ ግራ ስትስብ ሁልጊዜ አሮጌውን ሹካ ነበር የምናማው። መካኒኳ ከበሩ ላይ ሆና ሁሉንም አይታለች።

«ሹካው የለበትም ማለት ነው» ትላለች። «ዋናው አካሏ ራሱ ሲሠራ ጀምሮ ጠማማ ነው። ላቃናት?»

«ተያት!» እንላለን ሁለታችንም ባንድ አፍ። ከተዛመድን ጀምሮ ያለ ክርክር የተስማማንበት የመጀመሪያ ነገር ይህ መሆኑ ነው።

ሹካው ሞርሳው ላይ ይመለሳል። የአንገቱን ጫፍ የሚይዘው ራሱ የሚስቴ ወንድም ነው፤ ማንም አልጠየቀውም። መጋዙ ይሄዳል ይመጣል፣ የብረት ብናኝ ጫማው ላይ ይረግፋል። በመጨረሻ ቁራጩ ተለያይቶ መዳፉ ላይ ይቀራል። የጋለ ነው። «እፍ! እፍ!» እያለ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ይወረውረዋል፣ በአንድ እግሩ ይዘላል፣ ይራገማል፣ ግን አይጥለውም።