ቁልፉ ማን ጋ ነበር?

«ድምፃቸው ጠፋ… ረዲ፣ ድምፃቸው ጠፋ እኮ።»

ኡሙሀኒ ጆሮዋን ከብረት በሩ ላይ አንስታ የቁልፍ ሠሪውን ትከሻ ያዘች።

ረዲ ሞረዱን ከቁልፉ ላይ አላነሳም። አንገቱን ደፍቶ ይሞርዳል።

አዋሽ፣ ባቡር ሰፈር… የቀትር ፀሐይ አናት ይበሳል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

ከበሩ ወዲያ ያሉት ጋሽ አብዱናሲር ናቸው። በጡረታ የተገለሉ የባቡር ሠራተኛ… ነገር የሚረሱ፣ ከቤት ከወጡ መመለሻው የሚጠፋባቸው ሽማግሌ።

ቅድም «ውሃ… ውሃ…» ይሉ ነበር።

አሁን ዝም ብለዋል።

መስኮቱ በላሜራ ተዘግቷል። በሩን በዲጂኖ ቢመቱት ንቅንቅ አላለም። የብረት መቁረጫው ማሽን ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም።

የቀረው መቆለፊያውን መክፈት ብቻ ነው። እሱም የድሮ… ግንዱ እንደ ቧንቧ ክፍት የሆነ ረጅም ቁልፍ የሚፈልግ። ዛሬ እንዲህ ያለ ቁልፍ የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ረዲ ካጠራቀማቸው አሮጌ ቁልፎች መሀል ልኩ የሆነ ግንድ አገኘ። ጥርሱ ግን ሌላ ነው።

በሻማ ጢስ ያጠቁረዋል… ያስገባዋል… አዙሮ ያወጣዋል። ጥላሸቱ የተፋቀበትን ቦታ አይቶ እዚያው ላይ ይሞርዳል።

ካበዛው ጥርሱ ይሳሳል። ውስጥ ከተሰበረ ደግሞ… አለቀ።

«ሌላ ቁልፍ የለም?» አለ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

«የለም አልኩህ። ልጃቸው ይዞት ሰመራ ሄዷል» አለች ጎረቤታቸው ኡሙሀኒ፣ ቶሎ ብላ።

የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ።

«ሰው አባቱን እንደ ፍየል ቆልፎ ይሄዳል?»

«ሰመራ ቢሮ አለው እኮ። የተማረ ነው አሉ።»

«ታዲያ ተምሮ አይደል የደነቆረው?»

ሳቁ። እዚያ በር ላይ ቆመው… ሳቁ።

ጎረቤቱ ትግሉ ስልኩን ከፍ አደረገ። «የልጁን ፎቶ ለቀቅኩት። ‹አባቱን ቆልፎ የጠፋው ሰላሀዲን› ብዬ። ሼሩን ብታዩት።»

«ለልጁ ግን ደውላችኋል?» አለ ረዲ።

ትግሉ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

ፎቶ ለመልቀቅ የቸኮለ ነበር… ለመደወል የቸኮለ ግን አልነበረም።

ረዲ ቁጥሩን ተቀብሎ ደወለ። ድምፁን ለሁሉም ከፈተው።

«ሰላሀዲን ነህ? አባትህ ቤት ተቆልፎባቸው…»

«ምን? እንዴት? ቁልፉ እኮ…»

ተቋረጠ።

ደግሞ ሞከረ። ኔትወርክ የለም።

«ሰበብ ሊደረድር ነዋ» አለ ትግሉ።

ኡሙሀኒ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ረዲም ውስጡ ጨሰ። «ምን ዓይነት ልጅ ነው» እያለ ሲሞርድ እጁ አዳለጠውና አውራ ጣቱን ላጠው። ደሙን በሱሪው ጠርጎ ቀጠለ።

አስገባው… አዞረው… እንቢ አለ።

አውጥቶ እንደገና ሞረደ። ጥርሱ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ከዚህ በላይ አይችልም።

«ቢስሚላህ» ብሎ ቀስ አድርጎ አዞረው።

ቀጭ አለ።

በሩ ሲከፈት ወበቁ እንደ ምድጃ ፊታቸውን መታቸው። ሽማግሌው አልጋው ሥር ተዘርግተዋል። ኡሙሀኒ ከሁሉ ቀድማ ገብታ ራሳቸውን ታቀፈች። ከንፈራቸውን በውሃ እያራሰች ታለቅሳለች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሰዉ ሁሉ።

ትግሉ ስልኩን ደቅኖ ተጠጋ። «ጋሽ አብዱናሲር፣ የቆለፈብዎት ልጅዎ ነው አይደል?»

ሽማግሌው አላዩትም። የሚያዩት ያቀፈቻቸውን ሴት ነው።

«ኡሙሀኒ… ጠዋት ልጄ የሰጠሽ ቁልፍ ጠፋብሽ እንዴ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ኡሙሀኒ ዞረ።

«መንገድ ወጥተህ መኪና እንዳይገጭህ፣ እትዬ ኡሙሀኒ ጋ ቁልፉን ትቻለሁ፣ እየመጣች ታይሃለች… ብሎኝ ነው የሄደው።»

ሁሉን ይረሳሉ የተባሉት ሰው ይህን አልረሱም።

«ገበያ ላይ ወደቀብኝ…» አለች ኡሙሀኒ፣ ቀና ሳትል። «አደራ በላች እንዳልባል ፈራሁ… ወላሂ ይህን ያህል ይሆናል አላልኩም።»

የረዲ ስልክ ጮኸ። ሰላሀዲን ነው።

«አባቴ ውሃ ጠጣ?»

መጀመሪያ የጠየቀው ይህን ነው።

«ጠጥተዋል፣ ደህና ናቸው። አንተስ የት ደረስክ?»

«ከገዋኔ አለፍ ብሎ… አስፋልት ዳር ነኝ። የመኪናው ረዳት ፎቶዬን ስልኩ ላይ አይቶ ለተሳፋሪው አሳየ። ‹ከአባት ገዳይ ጋር አንሄድም› ብለው አወረዱኝ። ልመለስ መኪና እየለመንኩ ነው… የሚቆም የለም።»

ትግሉ ፎቶውን አጠፋ። «ተሳስተን ነበር» ብሎም ጻፈ።

ያንን ሼር ያደረገ ሰው የለም።

ፎቶው ግን ዛሬም ከገጽ ገጽ ይዞራል።

ወገኖቼ… ሰውን ለመክሰስ ሕዝብ ይሰበሰባል። ንጹሕነቱ ሲታወቅ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ቤቱ ገብቷል። እዚያ አስፋልት ላይ ብቻውን የሚቀረው ተከሳሹ ነው። ስለዚህ በሩ እስኪከፈት አትፍረዱ። ቢያንስ… አንዴ ደውሉ።

እስኪ እናንተ ፍረዱ…

ሰላሀዲንን ይበልጥ የበደለው ማን ነው? ፈርታ የዋሸችው ኡሙሀኒ… ወይስ ሳይጠይቅ ያመነው ሕዝብ?