ወታደር ወደኋላ አይሄድም

«እማዬ... ሁሉም ፈርሟል! አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው!»

ልጅየው ውሉን ስፌት መኪናው ላይ ዘረጋው... እስክሪብቶውንም ከፍቶ አቀበላት።

እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። በዚያች ጠባብ ቤት የፊት ክፍል ሠላሳ ዓመት ሰፍታ ነው ልጇን አሳድጋ ያስተማረችው።

ልጁ ግን ደላላ ሆነ... ለዚያውም የሪል እስቴት!

አንድ ኩባንያ በመደዳ የተሠሩ ስድስት ቤቶችን ገዝቶ፣ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ፈልጓል። አንድ ቤት ከጎደለ ፎቁ የለም። የእናቱ ቤት ደግሞ መሃል ላይ ነው።

«ላስብበት» አለችው።

«ምን ይታሰባል? ሁሉም እኮ...»

«ላስብበት አልኩህ!»

ሴትየዋ ቼዝ ትጫወታለች። አዎ፣ ቼዝ! ሟች ባሏ ነው ያስተማራት። ሰሌዳው ልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ጥግ ላይ ሁሌም እንደተዘረጋ ነው... ከጠጠሮቹ አንድ ወታደር ስለጠፋ በቦታው ጥቁር አዝራር ተቀምጦበት።

ቼዝ ላይ ደግሞ ተጋጣሚህ ካጣደፈህ... የደበቀብህ ነገር አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቷ ጡረተኛው መምህር ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡ። እሷ ስፒል በጥርሷ ይዛ እግራቸው ሥር ተንበርክካለች።

«እንኳን ደስ አለሽ! ፈረምሽ አሉ» አሏት።

ስፒሉን ልትውጠው ምንም አልቀራት።

«ማን ነው ያለው?»

«ልጅሽ ነዋ! ‹እናቴ ሳትቀር ፈርማለች፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት› አለኝ... እኔማ ነገ ልፈርም ነው።»

አንዱን እግር ብቻ አሳጥራ፣ ሌላውን ሳትነካ ብድግ አለች።

ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች የቀሩትን አራት በሮች አንኳኳች።

ዳቦ ጋጋሪዋ... «አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው ተባልኩ።»

ሰዓት ሠሪው... «እኔንም እንደዚያው!»

የቀሩት ሁለቱም ያው!

ለካ ማንም አልፈረመም። ስድስት ሰው... ስድስቱም ብቻውን የቀረ መስሎት እንቅልፍ አጥቶ ከርሟል። እንዲህ ያለ ውሸት ያናድዳል!

ሁሉንም ቤቷ ሰበሰበቻቸው። ከሰሌዳው ላይ ስድስት ወታደሮች አንስታ ፊታቸው ደረደረች።

«ለብቻው የወጣ ወታደር ይበላል» አለቻቸው። «ጎን ለጎን ሲቆም ግን ንግሥትም ትፈራዋለች። መሸጥ የሚፈልግ አለ?»

ማንም የለም።

«እንግዲያው አብረን እንሂድ።»

የኩባንያው ቢሮ... ልጅየው ከባለሀብቱ ጎን ተቀምጧል። ስድስቱ ተከታትለው ሲገቡ ፊቱ አመድ መሰለ።

ባለሀብቱ ግን ሞኝ አይደለም። የማን ሐሳብ እንደሆነ ወዲያው ገባው።

«እናቴ፣ ለእርስዎ ብቻ እጥፍ እከፍላለሁ። እርስዎ ከፈረሙ ሌላው ይከተላል።»

ከቦርሳዋ ጥቁሯን አዝራር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቼዝ ይችላሉ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«እንግዲያው ያውቁታል። ንጉሡ እንኳ ሲጨንቀው ወደኋላ ይሸሻል። ወታደር ግን ወደኋላ አይሄድም! አልሸጥም። ቤቴ ነው!»

«እኛም አንሸጥም!» አሉ መምህሩ... አንድ እግሩ ባጠረ ሱሪያቸው ቀጥ ብለው ቆመው።

ሲወጡ ልጅየው ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«እማዬ... ለአንቺ ብዬ እኮ ነው!»

አልሰደበችውም። እጇን ዘረጋች።

«የቤቴን ቁልፍ አምጣ።»

«እማዬ!»

«ልጄ ነህ፤ በመጣህ ጊዜ በሬ ይከፈትልሃል። ግን ከዛሬ ጀምሮ እንደ ማንኛውም ሰው አንኳኩተህ ነው የምትገባው።»

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ስድስቱም ቤቶች በቦታቸው አሉ። ስፌት መኪናዋም ሥራ አልፈታችም።

ያ ልጅ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

እኔ ነኝ... የዚህ ገጽ አድሚን።

ድለላውን ትቻለሁ። እናቴም ይቅር ብላኛለች... በየሳምንቱ ቼዝ ታሸንፈኛለች። ቁልፉን ግን አልመለሰችልኝም። ዛሬም በሩ ላይ ቆሜ አንኳኳለሁ፤ ደግሞም ይገባኛል።

ትምህርቱ፦ «ሁሉም ተስማምቷል፣ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ» የሚልህን ሰው አትመነው። ብዬዋለሁና አውቀዋለሁ! እስክሪብቶ ከማንሳትህ በፊት የጎረቤትህን በር አንኳኳ።

እናንተስ... «ሁሉም ፈርሟል» ተብላችሁ እጅ የሰጣችሁበት ቀን አለ? ወይስ እንደ እናቴ «አልሸጥም!» ያላችሁት ነገር? ሳትፈሩ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ... ከእኔ የባሰ ጥፋተኛ እዚህ የለም።