ቅቤ የማይቀልጥበት ዳገት

በ2008 ዓ.ም. ኢንጂነር ኢልያስ ሸሪፍ ከፀሐይ መብራት የሚያመነጭ ትልቅ የሶላር ጣቢያ የሚተከልበትን ቦታ እንዲመርጥ ከጎንደር ተላከ። ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ የኮላ ድባ ሜዳ፣ ወይ ከዳባት በላይ ያለው የነአያ ማሩ ዳገት። የተመረጠው ቦታ ገበሬዎች መሬታቸውን ይለቃሉ። የመጀመሪያ ሥራው ነውና ኢልያስን ደስታ አላስቀምጥ ብሎታል።

ሾፌሩ ዳኛው የዚያው አገር ልጅ ነው። «አያ ማሩን እንዳታስለቅሳቸው» አለው መንገድ ላይ። «በሬ ሲሸጡ እንኳ እንባቸው ይመጣል። ገዢው ሁሉ አዝኖ ጨምሮላቸው ነው የሚሄድ።»

አያ ማሩ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ማሳው ዳር ጠበቁት። ገብሱ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም፤ ከገብሱ ድንጋዩ ይበዛል።

«ምነው ልጄ፣ የአባቶቻችንን መሬት ልትወስድብን መጣህ?»

«ገና አልተወሰነም፣ አያ።»

«እንግዲያ አትልፋ። ይህ አገር ብርድ ነው። ቅቤ ፀሐይ ላይ ብናስቀምጥ አይቀልጥም! ልጄ ዝናሽ እንኳ ብርዱን ሸሽታ ባሕር ዳር ነው የምትማር።»

የኢልያስ ልብ ዘለለ። ሶላር የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም፤ ሲግል ወይም አቧራ ሲለብስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህን ግን ለሽማግሌው ትንፍሽ አላለም።

«ደመናውስ?» አለ ኮስተር ብሎ።

«ወዴት አለና! ክረምቱ ከወጣ ሰማዩ ወና ነው፣ ዓይን ያጠፋል። ነፋሱ ደግሞ አቧራ እንኳ አያሳርፍም፣ ጠራርጎ ይወስደዋል። ኮላ ድባ ሂድ ልጄ፤ ሜዳው ሸጋ ነው፣ ይሞቃል።»

ኢልያስ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። ምስኪኑ ሰው መሬታቸውን ለማዳን አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ራሳቸው እያስረከቡት ነው። ቢስቅም አንጀቱን በሉት።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የእናንተ ዳገት ተመርጧል» አለ በመጨረሻ። «ወረዳው እዚህ ላላችሁት አርባ አባወራዎች ሁሉ ምትክ አዘጋጅቷል፤ ወንዝ ዳር፣ ውሃ የሚጠጣ መሬት። መብራትም ይገባላችኋል።»

አያ ማሩ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

ኢልያስ አልቻለም። «የመጠጥ ውሃ ጉድጓድም ይቆፈርላችኋል! እኔ አስጽፋለሁ፣ ቃሌ ነው!»

ትከሻቸው ይብስ ተንቀጠቀጠ። ኢልያስ እየተጸጸተም እየፈነጠዘም መኪናው ውስጥ ገባ።

መኪናዋ ከዓይን እንደራቀች አያ ማሩ ጋቢያቸውን ከደረቅ ዓይናቸው ላይ ገልጠው ስልካቸውን አወጡ።

«ዝናሽዬ! ብርዱን፣ ነፋሱን፣ አቧራውን፣ እንዳስጠናሽኝ አንድም አልረሳሁ፤ ጉድጓዷ ግን የራሴ ናት!»