የካንያንታ ፓስካል

ኪትዌ ከተማ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። መብራት ከጠፋ አምስት ሰዓት አልፎታል። በሆስፒታሉ መድኃኒት ማደያ መስኮት ፊት አርባ ሦስት ሰው ተሰልፏል። ከውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በአንድ ቀን የተገዙ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ከነማተሚያቸው ጎን ለጎን ጠቁረው ተቀምጠዋል። በግራው ያለው የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ የካንያንታ ፕሮግራም ነው፤ ፓስካል በሚባል የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ ጽፋው ዘጠኝ ዓመት መድኃኒት ሲታደልበት ኖሯል። በቀኙ ያለው ባልደረባዋ ጄሬ በሁለት ወር በዘመኑ ቋንቋ በጃቫስክሪፕት የጻፈው አዲሱ ነው።

ካንያንታ የያዘችውን ወረቀት እንደገና ታነበዋለች። «ከመጪው ወር ጀምሮ የሆስፒታሉ ሶፍትዌር በጃቫስክሪፕት ይሠራል» ይላል። ከሥሩ የአለቃዋ የባ ካቶንጎ ፊርማ አለ፤ «ባ» እዚህ አገር እንደ አቶና ወይዘሮ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ቀኑ ያለፈው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ቢሮ ሁለት በር አለፍ ብላ ተቀምጣ ነበር።

«ምናለ አንድ ቃል ቢጠይቁኝ?» ትለዋለች አጠገቧ የቆመውን አለቃዋን።

«ጄሬ ስብሰባው ላይ አሳይቶናል እኮ፣ ባ ካንያንታ» ይላል ባ ካቶንጎ። «ያምራል። ፈጣንም ነው።»

«የት ነው ያሳያችሁ? በራሱ አዲስ ላፕቶፕ፣ ጀኔሬተር ባለበት አዳራሽ! እዚህ መብራት በቀን አራቴ ይጠፋል፤ አራቴ ከዜሮ እንነሳለን። ወንድ ከሆነ እዚህ ያሳየን!»

ጄሬ ግድግዳውን ተደግፎ ፈገግ ይላል። እሱ ንጎኒ ነው፣ እሷ ቤምባ። የሁለቱ ጎሳ ሰው እንደ ልቡ ቢሰዳደብም ቂም አይያያዝም። «ባማዮ፣ እናቴ፣ እናንተ ጦጣ በላዎች የያዛችሁትን ቅርንጫፍ መቼም አትለቁም» ይላታል።

«አንተ አይጥ በላ፣ አፍህን ዝጋ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱም ይስቁ ነበር።

አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ አምፖሉ ቦግ ይላል። ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። ካንያንታ ስልኳን ባ ካቶንጎ እጅ ላይ ታኖራለች። «ሰዓቱን እርስዎ ይያዙ። ማንም አጭበረበርሽ እንዳይለኝ።» ከዚያ ሁለቱን ኮምፒውተሮች በሁለት እጇ በአንድ ጊዜ ታስነሳለች።

በአንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ የግራው ማተሚያ የመጀመሪያውን የመድኃኒት ወረቀት ይተፋል። መድኃኒት አዳዩ ወረቀቱን ጠርሙሱ ላይ ለጥፎ በመስኮቱ ያወጣል። በቀኙ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች። ጄሬ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ጎንበስ ብሎ ክቧን ያያታል። አንዲት አሮጊት መድኃኒታቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። አንድ ማዕድን ቆፋሪ ይከተላል። ክቧ ትሽከረከራለች።

የቀኙ ማተሚያ የመጀመሪያውን ወረቀት ሲያወጣ ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሆኗል። በግራው በኩል ስምንተኛው ሰው እየፈረመ ነው።

«አዩልኝ?» ካንያንታ ጠረጴዛውን በመዳፏ ትመታለች። «አራት ደቂቃ ተኩል፣ በቀን አራቴ። አሥራ ስምንት ደቂቃ! ያውም የታመመ ሰው፣ በእግሩ ቆሞ! የፕሮግራም ቋንቋ በስብሰባ ጭብጨባ ይመረጣል እንዴ?»

ባ ካቶንጎ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አራት ቦታ ያጥፈዋል። «እሺ። ፓስካል ይቀጥል» ይላል። «ግን እናትዎን ሊቀብሩ የሄዱ ጊዜ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ አሥራ አንድ ቀን በእጃችን ጽፈናል። ደፍሮ የሚነካው ሰው አልነበረም። እኔም የፈረምኩት ወድጄ አይደለም።»

«ታዲያ ንገሪን፣ አስተምሪን አትሉኝም ነበር?»

«እኔ ብያለሁ» ይላል ጄሬ። አሁን ፈገግታው የለም። «ሁለቴ። ሁለቴም ‹ሥራ ይዣለሁ› አሉኝ። በሉ አሁን ይክፈቱልኝ።»

ላፕቶፗን ከቦርሳዋ መንጭቃ ታወጣለች፤ ኮዱን ከፍታ ወደ እሱ ትገፋለታለች። «ይኸው! ጠግበህ አንብብ!»

ጄሬ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። መስመር በመስመር እያነበበ ይወርዳል። ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ካለ አንድ መጠሪያ ላይ ያሳርፋል።

«ኤም ሦስት ምንድን ነው?»

«እሱማ የክምችቱ…» ትልና ታቆማለች።

«ኤም አራትስ?»

ላፕቶፑን ወደ ራሷ ትመልሰዋለች። ወደ ታች ትወርዳለች፣ ወደ ላይ ትመለሳለች። መጠሪያው ሁሉ ነጠላ ፊደልና ቁጥር፣ ነጠላ ፊደልና ቁጥር ነው። በመስኮቱ በኩል አዳዩ ስም እየጠራ ነው። ጄሬ አይሳደብም፤ አጠገቧ ሆኖ ይጠብቃል። ማብራሪያ ያለባቸውን መስመሮች እንዲቆጥርላት ላፕቶፑን ታዘዋለች።

ፕሮግራሙ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት መስመር ነው። ለሌላ ሰው ማብራሪያ የተጻፈባቸው ሦስት ናቸው፤ አንደኛው «እንዳትነኩት» ይላል።