ወርቅ ቅቡ ስኒ

ክረምቱ ከባድ ነበር። እንጨቱ ረጥቦ ምድጃው እምቢ ስላለ፣ ምግብ የሚሞቀው በማይክሮዌቭ ብቻ ነበር። ሚስት ማንኪያ የገባበት ኩባያ ውሃ ልታሞቅ ስትል ባል ዘሎ ተነሳ።

«አሁንም ማንኪያ? የፊተኛውን ማይክሮዌቭ ማቃጠልሽ አልበቃሽም?»

«ቤት አፍራሽ!» አሉ አማቷ ከወንበራቸው።

ይህን ለዓመታት ሰምታ አንገሽግሿታል። «የተቃጠለውን ያየው ጠጋኝ ነግሮኛል። ማንኪያው ወፍራም ነው፣ ጫፉ ክብ ነው፣ የማይክሮዌቩን ግድግዳ አይነካም፤ ጉልበቱን ውሃው ይወስደዋል። ምን ይሆናል፣ ሰውዬ?» ብላ ቁልፉን ተጫነች። ውሃው ያለ አንዳች ብልጭታ ሞቀ።

ቀጥላ «እሱ ፍሪ ያለኝ እንዲህ ያለውን ስስ ቅብ ነው» ብላ የባሏን ወርቅ ቅብ ስኒ አስገባችና ቁልፉን ተጫነች። ስስ ቅቡ ወዲያው ተንጣጣ፤ እሳት ተፋ። አጠፋችው።

ባል የጠቆረውን ስኒ አገላብጦ አየ። «እማዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የፊተኛው በተቃጠለበት ቀን ወተቴን ያሞቅሁት በዚሁ ነበር። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ እሷን ያለ ጥፋቷ አሰደብኳት።»